ሃርድዌር ዲኮደር፦ አብሮገነብ ቪዲዮ ፈቺ

ሃርድዌር ዲኮደር በፕሮሰሰር ወይም በግራፊክስ ካርድ ቺፕ ውስጥ የሚገኝ፣ የታመቀን ቪዲዮ ወደሚታይ ምስል ከመመለስ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው የሰርኪዩት ክፍል ነው። በአማርኛ አብሮገነብ ቪዲዮ ፈቺ፣ ሲያጥር ደግሞ ፈቺ ሊባል ይችላል። አብሮገነብ የሚያሰኘው ከቺፑ ጋር አብሮ ስለሚሠራና በኋላ በሶፍትዌር ሊጨመር ስለማይችል ነው። በዚሁ መሠረት ኢንኮደር አማቂ፣ ዲኮድ ማድረግም መፍታት ይሆናል። ኮዴክ የሚለው ቃል ግን በባለሙያው አፍ ስለገባ እንዳለ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ቪዲዮ የሚታመቅበትና የሚፈታበት ስልት ማለት ነው። አብሮገነብ ፈቺን ማወቅ በተለይ የሚጠቅመው ከሳሎን ቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የቤት ሲኒማ ኮምፒውተር፣ ማለትም ሆም ቲያትር ፒሲ፣ በአነስተኛ ገንዘብ ለመምረጥ ሲታሰብ ነው። ገዢ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነትና ስለ ራሙ መጠን ነው፤ የፎር ኬ ፊልም ሳይንተፋተፍ መታየት አለመታየቱን የሚወስነው ግን በአብዛኛው ይህ ትንሽ ክፍል ነው።

ቪዲዮ ለምን እንደሚታመቅ ቁጥሩ ራሱ ያሳያል። ፎር ኬ ወይም አልትራ ኤችዲ የሚባለው ምስል በአግድም 3840፣ በቁመት 2160 ፒክስል አለው፤ ሲባዛ ወደ 8.3 ሚሊዮን ይጠጋል፣ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቀለማት፣ እያንዳንዱ ቀለም 10 ቢት ይዞ ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል ቢያሳይ በየሰከንዱ 6 ጊጋቢት ያህል መረጃ ይፈስሳል። የአልትራ ኤችዲ ብሉሬይ ዲስክ ግን ከ128 ሜጋቢት አያልፍም፤ በኢንተርኔት የሚተላለፈው ደግሞ ከዚያም እጅግ ያንሳል። ይህ የሆነው አማቂው ከምስል ወደ ምስል ያልተለወጠውን ክፍል ደግሞ ስለማይጽፍ፣ ቦታ የለወጠውንም ክፍል ከየት ወደ የት እንደሄደ በሚገልጽ አጭር ትእዛዝ ስለሚተካው ነው። ፈቺው ይህን ትእዛዝ በሰከንድ 24 ወይም 60 ጊዜ አንብቦ ሙሉውን ምስል እንደገና መገጣጠም አለበት።

ይህንን ሥራ ዋናው ፕሮሰሰርም በፕሮግራም ሊሠራው ይችላል፤ በሶፍትዌር መፍታት የሚባለው ይህ ነው። ልዩነቱ በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ላይ በዓይን ይታያል። 4ኛ ትውልድ የሆነ ባለሁለት ኮር ኮር አይ 5 ላፕቶፕ ላይ ባለ 10 ቢት የፎር ኬ ፊልም ሲከፈት የፕሮሰሰሩ መስመር ወደ 100 በመቶ ይወጣል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ምስሉ እየተቆራረጠ ከድምፁ ወደ ኋላ ይቀራል። ያው ፋይል ኢንቴል ኤን100 ባለበት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን የፕሮሰሰሩ መስመር ከታች ይተኛል፤ በግራፊክሱ ገጽ ላይ ቪዲዮ ዲኮድ የሚለው መስመር ብቻ ከፍ ይላል። ኤን100 ኃይለኛ የሚባል ፕሮሰሰር አይደለም፤ መደበኛ የኃይል ልኩ 6 ዋት ነው።

ሁሉም ፈቺ ሁሉንም ኮዴክ አይፈታም፤ ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ኤች 264 በ2003 ወጥቶ ለረጅም ጊዜ የፉል ኤችዲ ዋና ስልት ሆኖ ቆየ። በ2013 የጸደቀው ኤች 265 ወይም ኤችኢቪሲ ተመሳሳይ ጥራትን በግማሽ ያህል መረጃ ለማስተላለፍ የታሰበ ነው፤ የአልትራ ኤችዲ ብሉሬይ ዲስክ በእሱ ነው የታመቀው። ጉግል በዚያው ዓመት ቪፒ9ን አወጣ፣ በ2018 ደግሞ የብዙ ኩባንያዎች ጥምረት ያዘጋጀው ኤቪ1 ተከተለ፤ የዩቲዩብ ፎር ኬ ቪዲዮ በአብዛኛው የሚመጣው በእነዚህ በሁለቱ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚታየው የተቀመጠ የፊልም ፋይል ከሆነ ኤችኢቪሲ፣ ዩቲዩብ ከሆነ ደግሞ ቪፒ9 ወይም ኤቪ1 የሚፈታ ማሽን ያስፈልጋል።

የቢቱ ጉዳይም አለ። 8 ቢት ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ ሲሰጥ 10 ቢት 1024 ይሰጣል። በ8 ቢት ምስል ላይ የምሽት ሰማይ ከብርቱካናማ ወደ ሰማያዊ ሲሸጋገር አንዳንድ ጊዜ መስመር መስመር ሠርቶ ይታያል፤ 10 ቢቱ ይህን ይቀንሰዋል። ኤችዲአር የሚባለው፣ ብርሃንና ጥላን አስፍቶ የሚያሳየው አቀራረብ፣ 10 ቢትን መነሻ ያደርጋል። በመሆኑም ኤችኢቪሲ ይፈታል የሚል ማስታወቂያ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ባለ 10 ቢቱን መፍታቱም መረጋገጥ አለበት።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ለሚገዛ ሰው መስመሩ የተሰመረው በኢንቴል 6ኛና 7ኛ ትውልድ መካከል ነው። በ2015 የወጣው 6ኛው ትውልድ ባለ 8 ቢት ኤችኢቪሲን ይፈታል፤ ባለ 10 ቢቱን ግን ሙሉ በሙሉ በሰርኪዩት አይፈታም። 7ኛው ትውልድ ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲንም ቪፒ9ንም ይፈታል። በአዲስ አበባ ገበያ ሻጭ ኮር አይ ፋይቭ፣ ኮር አይ ሰቨን እያለ ነው የሚያስተዋውቀው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ከዚያ ስም ይልቅ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ይበልጥ ይናገራል። ኮር አይ 7 6700 በሌላ ሥራ ሁሉ ፔንቲየም ጂ4560ን ጥሎት ይሄዳል፤ ይሁን እንጂ 6700 6ኛ ትውልድ፣ ጂ4560 ደግሞ 7ኛ ትውልድ ስለሆነ ባለ 10 ቢት ፊልም ለማጫወት ርካሹ ፔንቲየም ይመረጣል። ኤቪ1ን ለመፍታት ደግሞ ቢያንስ 11ኛው ትውልድ ያስፈልጋል።

አዲስ ለሚገዛ ኤን100 ያለበት ትንሽ ኮምፒውተር ቀላሉ ምርጫ ነው፤ ኤችኢቪሲን፣ ቪፒ9ንም ኤቪ1ንም ይፈታል፣ ሙቀቱም አነስተኛ ስለሆነ ያለፋን የሚሠራ ዓይነትም አለው። ቀድሞ የነበሩት ሴሌሮን ጄ4105ና ኤን4100 ኤቪ1ን አይፈቱም፣ ለፊልም ፋይል ግን እስካሁን ይበቃሉ። ከኤኤምዲ ወገን በ2018 የወጣው ራይዘን 3 2200ጂ ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲንና ቪፒ9ን ይፈታል። ራስበሪ ፓይ 4 ኤችኢቪሲን እስከ 60 ምስል በሰከንድ ቢፈታም ለቪፒ9 ፈቺ ስለሌለው ለዩቲዩብ ፎር ኬ አይመከርም፤ ፋይል ብቻ ለሚያይ ቤተሰብ ግን በቂ ነው።

ቤት ውስጥ ያለን አሮጌ ዴስክቶፕ መጣልም ግድ አይደለም። በ2017 የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲ 1030 ካርድ 30 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ተጨማሪ የኃይል ገመድ አይፈልግም፣ አጭሩ ዓይነት ቀጭን የቢሮ ኮምፒውተር ሳጥን ውስጥም ይገባል፤ ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲንና ቪፒ9ን ይፈታል። አዲስ የሆነ ሁሉ ይሻላል ብሎ መገመት ግን ያሳስታል። በ2022 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6400 ከጂቲ 1030 በጨዋታ እጅግ ቢበልጥም የኤቪ1 ፈቺ ተቀንሶበታል።

የተፈታው ምስል ቴሌቪዥኑ ጋ መድረስ አለበት። ኤችዲኤምአይ 1.4 ፎር ኬን በሰከንድ ከ30 ምስል በላይ አያስተላልፍም፤ በ2013 የመጣው ኤችዲኤምአይ 2.0 60 ያስተላልፋል፣ ኤችዲአር ደግሞ 2.0ኤን ይጠይቃል። የ7ኛ ትውልድ የቢሮ ኮምፒውተሮች ደካማ ጎን ይኸው ነው፤ ፈቺያቸው ዘመናዊ ሆኖ ሳለ የኤችዲኤምአይ መውጫቸው ብዙውን ጊዜ 1.4 ነው። ዲስፕሌይፖርት ካላቸው ወደ ኤችዲኤምአይ 2.0 በሚለውጥ አክቲቭ አዳፕተር 60 ምስል ማግኘት ይቻላል፤ ኤችዲአርን ግን በዚህ መንገድ ተስፋ ማድረግ አይገባም። በመሃል ያለ የድምፅ አምፕሊፋየርም አሮጌ ከሆነ ሰንሰለቱን ይበጥሳል፤ ምስሉን በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ድምፁን በሌላ ገመድ መላክ ይሻላል።

ጥበቃ የተደረገባቸው ፊልሞች ሌላ ታሪክ ናቸው። ኔትፍሊክስ በ2016 ፎር ኬን በኮምፒውተር ሲጀምር 7ኛ ትውልድ ኢንቴልና ኤጅ ብራውዘርን ይጠይቅ ነበር፤ ኤችዲሲፒ 2.2 የተባለው የቅጂ መከላከያም ከኮምፒውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ መኖር አለበት። የአልትራ ኤችዲ ብሉሬይ ዲስክ በኮምፒውተር በሕጋዊ መንገድ ለመታየት ኤስጂኤክስ የተባለውን የኢንቴል የደህንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ይህን ክፍል ከቤት ፕሮሰሰሮቹ ስላወጣው አዲሱ ማሽን አሮጌው የሚያጫውተውን ዲስክ አያጫውትም። የሚታየው ባብዛኛው ኔትፍሊክስ ከሆነ ኮምፒውተር መግዛቱ ትርፍ የለውም፤ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መተግበሪያ ይበቃል።

ሌላው ዕቃ ብዙ ማሰብ አይጠይቅም። 8 ጊጋባይት ራም ይበቃል፤ ለሲስተሙ ትንሽ ኤስኤስዲ፣ ለፊልሙ ተራ ሃርድ ዲስክ ይሆናል። ፊልሙ ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ የሚመጣ ከሆነ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ገመድና ስዊች ለዲስክ ቅጂ ሊያንስ ስለሚችል ጊጋቢት ይመረጣል። ኮዲን ወይም ቪኤልሲን የመሰለ ማጫወቻ ሲጫን የሃርድዌር መፍቻው መብራቱ በሴቲንግ ይታይ፤ ከጠፋ ጥሩው ቺፕ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ይለፋል። የስክሪኑም ፍጥነት ከፊልሙ ጋር ይስማማ። ባለ 24 ምስል ፊልም በ60 ሄርዝ ሲታይ አንዱ ምስል ሁለት ጊዜ፣ ተከታዩ ሦስት ጊዜ ስለሚደገም ካሜራው በዝግታ ሲዞር መንገጫገጭ ይታያል፤ ኮዲ ስክሪኑን ራሱ ወደ 24 እንዲቀይር ማዘዝ ይቻላል።

ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ፈቺውን መፈተን ቀላል ነው። ባለ 10 ቢት የኤችኢቪሲ ፎር ኬ ፋይል በፍላሽ ይዞ ሄዶ ሻጩ ፊት በቪኤልሲ መክፈት፣ ታስክ ማናጀር ውስጥም ቪዲዮ ዲኮድ የሚለው መስመር መነሳቱን ማየት ይበቃል። ዩቲዩብ ላይ ከሆነ ቪዲዮው ላይ በቀኝ ክሊክ የሚገኘው የዝርዝር መረጃ ሳጥን ኮዴኩንና የዘለሉ ምስሎችን ቁጥር ያሳያል። የፎር ኬ ፊልም ብዙውን ጊዜ ከ4 ጊጋባይት ስለሚበልጥ በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ አይቀበለውም፤ አስቀድሞ ወደ ኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል።