ስለ ትምህርት ቋንቋና ስለ ዩኒቨርሲቲ ደጅ

በ2015 ዓ.ም. የተነገረው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ብዙ ወላጅ አስደንግጧል። ከተፈተኑት ከ890 ሺሕ ከሚበልጡ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ካላለፉት መካከል የተሻሉት ተመርጠው በየዩኒቨርሲቲው የማካካሻ ትምህርት እንዲማሩ ተደረገ፤ እንግሊዝኛም ከሚማሩት አንዱ ሆነ። ይህን ያዩ ሰዎች «የዛሬ ልጅ ሰነፈ» ሲሉ ይሰማሉ። ነገሩ ከሥሩ ቢመረመር ግን፥ ከፍ ያለውን ትምህርት ከእናቱ ቋንቋ በተለየ ቋንቋ የሚማር ሕዝብ ሁሉ ልጆቹን የሚያሻግርበት ድልድይ መሥራት ግድ ሆኖበት እንደ ኖረ ይገኛል። የኛም ድልድይ ስንት ጊዜ እንደ ተሠራና ስንት ጊዜ ቦታው እንደ ተለወጠ ለመናገር ነው ይህን መጻፋችን።

በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የዩኒቨርሲቲው ቋንቋ ላቲን ነበር፤ ልጁም አስቀድሞ በሰዋስው ትምህርት ቤት ላቲን ማንበብን ብቻ ሳይሆን በላቲን መጻፍንና መናገርን ይለማመድ ነበር። የአገራችን ሊቃውንት ያደረጉትን ለማወቅ ግን ይህን ያህል ሩቅ መሄድ አያሻም።

ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ደግሞ ከንባብ ቤት የወጣ ልጅ ግዕዝን ያነባል እንጂ ያነበበውን አያውቅም። የሚያሳውቀው ቅኔ ቤት ነው። በዚያ ግሱን ያወርዳል፥ ርባ ቅምሩንና አገባቡን ይማራል፤ ይህ ሁሉ ግን የሥራው መሣሪያ እንጂ ሥራው አይደለም። ሥራው ልጁ በየቀኑ ከሰው ተለይቶ በዛፍ ጥላ ተቀምጦ የራሱን ቅኔ መቍጠሩ ነው። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን፥ ቀጥሎ ዘአምላኪየን፥ ሚበዝኁን፥ ዋዜማን እያለ እስከ መወድስና እስከ ዕጣነ ሞገር ይደርሳል። የቈጠረውንም ይዞ ከመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ተማሪው የበዛ እንደ ሆነ አስቀድሞ አስነጋሪው ይሰማዋል። መምህሩም ያለ ቦታው የገባውን አገባብ፥ ከወርቁ ያልተስማማውን ሰም፥ ልኩ የጐደለውን ቤት እየነቀሱ ያቃኑለታል። እኔም በልጅነቴ ሦስት ቀን የደከምሁባትን ጉባኤ ቃና የኔታ በአንድ ቃል አፍርሰውብኝ አልቅሻለሁ፤ የፈረሰችበትን ምክንያት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ተማሪው ከዚህ በኋላ መጻሕፍት ቤት ሲገባ ትርጓሜው በአማርኛ፥ ንባቡ በግዕዝ ነው፤ ንባቡ ግን ራሱ ሲሠራበት የኖረ ቋንቋ ስለ ሆነ እንግዳ አይሆንበትም። ቅኔ ቤት ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ፥ ከገቡትም ብዙዎቹ በራብና በድካም ከመንገድ እንደሚቀሩ አንሸሽግም።

የዘመናዊው ትምህርት ነገር ሲጀመር የውጭ ቋንቋ ራሱ ዋናው ትምህርት ነበር። በ1900 ዓ.ም. በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የግብጽ መምህራን አስተማሩ፤ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ገነነ። ከጠላት ወረራ በኋላ ስፍራውን እንግሊዝኛ ወሰደ። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ለኮሌጅ የሚሆኑትን ልጆች አዘጋጁ። ልጆቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ አዳሪዎች ስለ ነበሩም ቋንቋውን ከክፍል ውጭ እንኳ ከመምህራኑ አፍ ይሰሙት ነበር። በዚህስ ከቅኔ ቤት ጋር ሳይተዋወቁ ተመሳሰሉ።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት ሲጀምር አለቃው ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ኢየሱሳውያን ነበሩ፤ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተባረረው ማኅበር ልጆች የካህን ልብስ ሳይለብሱና ሃይማኖት ሳይሰብኩ ለማስተማር ብቻ ተመልሰው መምጣታቸው ታሪክ የሚያስገርም ነገር ነው። የብዙዎቹም አፍ መፍቻ ፈረንሳይኛ ነበር። እንግዲህ መምህሩ ከፈረንሳይኛ፥ ተማሪው ከአማርኛ ወይም ከኦሮምኛ ወይም ከትግርኛ ተነሥተው በእንግሊዝኛ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ተማሪው በዛ። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ግድም ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተበተኑ። ወዲያውም እስከ ስድስተኛ ክፍል ማስተማሪያው አማርኛ እንዲሆን ተወሰነና ልጁ ከሰባተኛ ጀምሮ ሁሉን በእንግሊዝኛ ይማር ጀመር፤ የቀረውን ጉድለት በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት የሚሰጠው እንግሊዝኛ እንዲሞላ ተተወ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በየእናት ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በ1990ዎቹ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መሰናዶ ሲቋቋም የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ቀረ፤ ድልድዩም ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሻገረ።

በ1997 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ፕላዝማ የሚሉት የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። በደቡብ አፍሪቃ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚተላለፈው መምህር በእንግሊዝኛ ያስረዳል፥ ይጠይቃል፥ ጥቂት ጊዜ ሰጥቶም መልሱን ራሱ ይናገራል። ተማሪው ቢሳሳት አይሰማም፤ ባይገባው አይቆምም። የዚህን ፈጠራ ትጋት አናቃልልም፤ መምህር ላልደረሰበት ገጠር ብዙ ነገር አድርሷል። ነገር ግን ጆሮ የሌለው መምህር ቋንቋ ያስተምራል ብሎ ማመን እጅግ የሚያስቸግር ነው። በ2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ተመለሰ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ከላይ የተናገርነው ማካካሻ ተጨመረ።

በማካካሻው ከነበሩት አንዱ የእኅቴ ልጅ ነው። ለዕረፍት ቤቴ መጥቶ ሳለ መጽሐፉን አንብብልኝ አልሁት፤ እንደ ዳዊት አወረደው። ምን ይላል ብለው ጥቂት ጥቂት ነገረኝ። አሁን አንተ ስለዚሁ ነገር አራት ዐረፍተ ነገር ጻፍልኝ ብለው ግን ደነገጠ። እንደ ሰፈሩ ሰው የኔታ ነው የሚለኝ፤ «የኔታ፥ መልስ አክብብ እንጂ ጽፈህ አምጣ ያለኝ ሰው የለም» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ የደረሰበት ፈተና ሁሉ ፊደል የሚያስመርጥ ነው።

ያን ቀን እስኪመሽ ተቀምጦ አራቱን ጻፈ። እኔ እንግሊዝኛውን ማቃናት አልችልም፤ ስለዚህ ጡረታ የወጡ የጎረቤታችን መምህር ዘንድ ወሰድነው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ከአራቱ ሦስቱን አፈረሱ፤ የፈረሱበትንም ምክንያት አንድ በአንድ ነገሩት። ልጁ አላለቀሰም። በማግሥቱ ስድስት ጽፎ ብቻውን ወደ እርሳቸው ሄደ።