ዜና መዋዕል፤ የሊቨርፑል ክለብ ከሜልዉድ ወደ ኪርክቢ ስለ መውጣቱ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አውሮፕላኖች የሊቨርፑልን ወደብ ሌሊት ሌሊት ደበደቡ፤ ይልቁንም በ1941 በሜይ ወር ከተማዪቱ ክፉኛ ተቃጠለች። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የቈጠርነው እንደ ኤውሮጳውያን ነው።) ጦርነቱም ባለቀ ጊዜ የከተማው ሹማምንት ጭንቀታቸው ስለ ፈረሰው ቤት ብቻ አልነበረም፤ ሳይፈርስ የተረፈውም አስጨነቃቸው። በስኮትላንድ ሮድና በኤቨርተን ሰፈር የቀሩት ቤቶች ከማርጀታቸውና ከመጨናነቃቸው የተነሣ ለሰው መኖሪያ አይሆኑም ተብሎ ተፈርዶባቸው ነበርና። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ባለው፣ ኪርክቢ በሚባለው የእርሻ አገር ላይ ቤት ይሠሩ ጀመር። በ1951 ሕዝብ ሲቈጠር በኪርክቢ የተገኘው ሰው ሦስት ሺህ ያህል ነበር፤ በ1961 ሲቈጠር ከ52,000 በለጠ። ከገቡትም ብዙዎቹ ቀድሞ ከሊቨርፑል ክለብ ስታዲየም ከአንፊልድና ከኤቨርተን ክለብ ስታዲየም ከጉዲሰን ፓርክ በእግር በሚደረስበት ሰፈር ይኖሩ የነበሩ ሠራተኞች፣ የወደብ ተሸካሚዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ይህን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሊቨርፑል በኖቬምበር 2020 የልምምድ ሰፈሩን ነቅሎ ወደ ኪርክቢ በሄደ ጊዜ «ክለቡ ሕዝቡን ጥሎ ወጣ» ያሉ አልጠፉም። ታሪኩን ከዚያ ቀን የጀመረ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም፤ ከመነሻው ለተከተለው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የወጣው ሕዝቡ ነው፤ ክለቡ ስድሳ ዓመት ዘግይቶ ተከተለው።

አሁን ወደ ሜልዉድ እንመለስ። ሜልዉድ በዌስት ደርቢ ሰፈር ያለ ሜዳ ነው፤ አስቀድሞ የአንድ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይጫወቱበት ነበር፣ ከጦርነቱም በኋላ ክለቡ ገዛው። በዲሴምበር 1959 ቢል ሻንክሊ ከሀደርስፊልድ መጥቶ የሊቨርፑል አሠልጣኝ ሆኖ ተሾመ። ይህ ሰው ግሌንበክ በምትባል የስኮትላንድ የከሰል ማዕድን መንደር ተወልዶ፣ በልጅነቱ በማዕድኑ ሠርቶ ያደገ ነው። ክለቡ ያን ጊዜ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ይማቅቅ ነበር፤ የልምምዱም ሜዳ ቁጥቋጦ ወርሶት አገኘው። ሻንክሊ ሜዳውን አስጠረገ፤ ጣውላም አቁሞ፣ ኳሱ ነጥሮ በተመለሰ ቁጥር ተጫዋቹ ያለ ዕረፍት እንዲቈጣጠረውና እንዲመታው አደረገ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጉዞው ሥርዓት ነው። ተጫዋቾቹ አንፊልድ ላይ ልብሳቸውን ለውጠው፣ በአውቶቡስ ሜልዉድ ሄደው፣ ልምምዱ ሲያበቃ ላቡ እንደ ወረዛቸው በዚያው አውቶቡስ ተመልሰው፣ ገላቸውን የሚታጠቡትም ምሳ የሚበሉትም አንፊልድ ነበር። ሰውነታቸው በመንገድ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፤ ሻንክሊም ጉዳት እንዳይበዛ ያደረገው ይህ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1962 ክለቡ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ወጣ፤ በ1964 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1965 የኤፍ ኤ ካፕን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ፤ በ1966 ዳግመኛ ሻምፒዮን ሲሆን በ42ቱ ጨዋታ ሁሉ ያሰለፈው 14 ተጫዋቾችን ብቻ ነው። ሜልዉድን የሚወዱ ሰዎች ይህን ታሪክ ለሜዳው ምስጋና አድርገው ይጠቅሱታል። እኛ ግን ከዚህ የምናነበው ሌላ ነገር ነው። በክለቡ የወርቅ ዘመን እንኳ ልምምዱና ስታዲየሙ አንድ ቦታ አልነበሩም፤ በመካከላቸው የነበረው መንገድ እንደ ጉድለት አልተቈጠረም፣ የሥራው አንድ ክፍል ነበር እንጂ። ርቀት ክለብን የሚገድል ቢሆን ኖሮ በሻንክሊ ዘመን በገደለው ነበር።

ከሜልዉድ ሳይርቅ፣ በዚያው በዌስት ደርቢ፣ ባላንጣው ኤቨርተን ቤልፊልድ የሚባል የልምምድ ሜዳ ነበረው። ሻንክሊ መኖሪያው ከቤልፊልድ አጠገብ ነበር፤ በ1974 ሥራውን ከለቀቀ በኋላም ሜልዉድ መመላለሱ ለአዲሶቹ ሹማምንት ስላልተመቸ ወደ ኤቨርተን ሜዳ ጎራ ይል ነበር ይባላል፤ እዚያም በክብር ይቀበሉት ነበር። እንግዲህ የሁለቱ ክለቦች የዕለት ሕይወት በአንድ ሰፈር ተጐራብቶ ኖረ። በ2007 ግን ኤቨርተን በአሠልጣኙ በዴቪድ ሞይስ ጊዜ ከቤልፊልድ ወጥቶ በሄልዉድ ፊንች ፋርም በሚባል ስፍራ አዲስ ማዕከል ገባ። ሄልዉድም እንደ ኪርክቢ ከጦርነቱ በኋላ በከተማው ሕዝብ የሞላ የዳር አገር ነው፤ ሁለቱም በኖውዝሊ አስተዳደር ሥር ናቸው። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ያጤናል። በዚያው ዘመን ኤቨርተን ከገበያ ድርጅቱ ከቴስኮ ጋር ተስማምቶ ስታዲየሙን ራሱን ወደ ኪርክቢ ሊያወጣ ባቀደ ጊዜ ከደጋፊዎቹ ብዙዎቹ ክለባችን ከከተማችን አይወጣም ብለው ተነሡ፤ ነገሩም እስከ ማዕከላዊው መንግሥት ደርሶ በኖቬምበር 2009 ተከለከለ። የልምምዱ ሜዳ ሲሄድ ግን እንዲህ ያለ ሰልፍ አልታየም። ይህ የሚያሳየው ደጋፊው ራሱ ሁለቱን ነገር ለይቶ እንደሚያይ ነው። ስታዲየም የጋራ ቤቱ ነው፤ ልምምዱ የሚሠራበት ቦታ ግን የክለቡ ጓዳ ነው፣ ጓዳ ቢዛወር ቤት ፈረሰ አይባልም።

ሊቨርፑልን ያስወጣው ምክንያት በአጭሩ የሚነገር ነው። የታዳጊዎች አካዳሚው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኪርክቢ ሲሆን ዋናው ቡድን ሜልዉድ ነበር፤ ልጆቹና ትልልቆቹ የሚተያዩት በቀጠሮ ብቻ ነበር። ሜልዉድም በዙሪያው ቤት ተሠርቶበት ስለ ነበር የሚሰፋበት አልነበረውም። አሠልጣኙ ዬርገን ክሎፕ ሁሉ በአንድ ግቢ ይሁን የሚለውን አሳብ ደገፈ፤ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶ፣ ሦስት ሙሉ ሜዳ፣ መዋኛና የጉዳት ማገገሚያ ያለው ማዕከል ተሠራ። ቡድኑ ከሜልዉድ የወጣውም ከ30 ዓመት በኋላ የእንግሊዝን ሻምፒዮንነት ባገኘበት ዓመት፣ የኮሮና ወረርሽኝ ስታዲየሞቹን ባዶ ባደረገበት ጊዜ ነው። ይህ ዓይነቱ ስደት የሊቨርፑል ብቻ አይደለም፤ አርሰናል በ1999 ወደ ለንደን ኮልኒ፣ ማንችስተር ዩናይትድ በ2000 ከሳልፎርዱ ክሊፍ ወደ ካሪንግተን፣ ቶተንሃም በ2012 ወደ ኤንፊልድ ወጥተዋል።

ተቃዋሚዎች የሚያቀርቡት ትልቁ ማስረጃ ግን የተጫዋቹ የትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ ታሪክ ነው፤ ቀላል ማስረጃም አይደለም። ይህ ልጅ በዌስት ደርቢ ያደገ ነው፤ በልጅነቱ በሜልዉድ ግንብ ስንጥቅ አጮልቆ ተጫዋቾቹን ይመለከት እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። የሰፈሩ ልጆችም የቆሻሻ መጣያ ገንዳ አስጠግተው በላዩ እየቆሙ ከግንቡ በላይ ያዩ ነበር፤ ተጫዋቾች በመኪናቸው ሲወጡ በበሩ ቆመው ፊርማ ይፈርሙ ነበር። ሜልዉድ በሰፈር መካከል ባይሆን ያ ልጅ ያን ባላየ፣ ያን ባያይ ባልተመኘ ይላሉ። ክርክሩ ያማረ ነው፤ ሆኖም ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። ልጁ በስድስት ዓመቱ ተመርጦ ኳስ የተማረው የት ነው? ኪርክቢ ነው። ምኞቱን ከሜልዉድ ግንብ ቢያገኝ ሙያውን ያገኘው ከዳሩ አካዳሚ ነው። ከዚያም ወዲያ የክለቡን ታሪክ ወደ ኋላ ብናነብ፣ በግንቡ ስንጥቅ ካየው አንድ ልጅ ይልቅ ከዳሩ አገር የመጡት ይበዛሉ። በ1977 ሮም ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የመጀመሪያውን ግብ ያገባው ቴሪ ማክደርሞት የኪርክቢ ልጅ ነው። በ1981 ፓሪስ ላይ ሪያል ማድሪድን ያሸነፈው ቡድን አምበል ፊል ቶምሰን ያደገው ኪርክቢ ነው፤ ዋንጫውንም ይዞ ኪርክቢ ወደሚገኘው ፋልከን ወደሚባል መጠጥ ቤት ወስዶ ለወዳጆቹ እንዳሳየ የታወቀ ነው። በኤቨርተን በኩል አለን ስተብስና ሌይተን ቤንስ ከዚያው ከኪርክቢ ናቸው። በ2005 ኢስታንቡል ላይ ዋንጫ ያነሣው ስቲቨን ጄራርድ ደግሞ የሃይተን ልጅ ነው፤ ሃይተንም በኖውዝሊ ሥር ነው። የሊቨርፑሎቹ ሁሉ ክለቡ ገና በከተማ ውስጥ ሳለ ከዳር እየመጡ ያገለገሉ ናቸው። ክለቡ ወደ ልጆቹ አገር ቢሄድ ከድቶአል ማለት እንግዲህ ከየት መጣ?

ሁለተኛው ወቀሳ ስለ መሬት ነው፤ ሜዳውን ማዛወር የመሬት ንግድ መሸፈኛ ነው ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች ማድሪድን ቢጠሩ እውነት አላቸው። ሪያል ማድሪድ በ1963 በካስቴላና ጎዳና ላይ የከፈተው የስፖርት ግቢ ነበረው። ፍሎሬንቲኖ ፔሬዝ በ2000 ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ ክለቡ በዕዳ ተይዞ ነበር፤ በ2001 ከከተማውና ከክልሉ መንግሥት ጋር ተዋውሎ የመሬቱ አገልግሎት ተለወጠ፣ ሽያጩም 480 ሚሊዮን ዩሮ ያህል አስገኘ፤ ዕዳውም ተከፈለ። በዚያ ስፍራ አራት ታላላቅ ሕንጻዎች ቆሙ፣ ቡድኑም በ2005 በባራሃስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ወዳለው ወደ ቫልዴቤባስ ሄደ። እዚያ መሬቱ ዓላማ ነበር። በሊቨርፑል ግን የሜልዉድ ዋጋ ከኪርክቢ ወጪ ጋር የሚመዛዘን አልነበረም። ክለቡ ሜልዉድን ቤት ለሚሠራ ድርጅት ሸጠው፤ ቤቶቹ ሳይሠሩ ቀሩና በ2023 ክለቡ መልሶ ገዛው፣ ለሴቶቹ ቡድንም ሰጠው። ነጋዴ የሸጠውን ሜዳ መልሶ የሚገዛው ምን ዓይነት ንግድ ቢሆን ነው! (በነገራችን ላይ ኤቨርተንም በ2025 ወደ ወደቡ ዳር አዲስ ስታዲየም ሲገባ ጉዲሰን ፓርክን ለሴቶቹ ቡድን ትቶላቸዋል፤ ወንዶቹ የለቀቁትን ታሪካዊ ስፍራ ሴቶቹ እየወረሱት ነው፤ ለሜዳዎቹ የተሻለ ወራሽ አይገኝላቸውም።)

የሦስተኞቹ ነገር ከክርክር ይልቅ ወደ ሟርት ያደላል። ከሜልዉድ በወጡ በወራት ውስጥ ቡድኑ በጉዳት ተመታ፤ በ2021 መጀመሪያ በአንፊልድ ስድስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ፤ ይህም የሆነው ስፍራው ስለማይባርክ ነው አሉ። በ1990ዎቹም አሠልጣኙ ግሬም ሱነስ የአውቶቡሱን ልማድ ባስቀረ ጊዜ እንዲሁ ተብሎ ነበር። ነገር ግን ተከላካዩ ቨርጂል ቫን ዳይክ ጉልበቱን የተጐዳው በጉዲሰን ፓርክ በኦክቶበር 17 ቀን 2020 ነው፤ ቡድኑ ኪርክቢ ከመግባቱ በፊት ማለት ነው። ከዚያም በ2022 ሁለት የአገር ውስጥ ዋንጫ፣ በ2025 በአሠልጣኙ በአርነ ስሎት ዘመን ሃያኛው ሻምፒዮንነት መጣ። ሟርተኛው ስለነዚህ ዝም ይላል።

ሁሉ በአንድ ግቢ ይሁን ለሚለው አሳብ ከዚህ የሚሻል ማስረጃ በፌብሩዋሪ 25 ቀን 2024 ታየ። በሊግ ካፕ ፍጻሜ ከቼልሲ ጋር ሲጋጠሙ ዋናዎቹ ተጫዋቾች በጉዳት ስላለቁ ክሎፕ ወጣቶቹን ጄይደን ዳንስን፣ ቦቢ ክላርክንና ጄምስ ማክኮኔልን አስገባ፤ በተጨማሪ ሰዓት ቫን ዳይክ በግንባሩ ገጭቶ ባገባው ግብ አሸነፉ። እነዚህ ልጆች በየዕለቱ ከዋናው ቡድን ጋር በአንድ ግቢ ስለ ዋሉ አልደነገጡም ቢባል ያስኬዳል። ሆኖም ሚዛን እንጠብቅ፤ ክላርክ ከኒውካስል ክለብ፣ ማክኮኔል ከሰንደርላንድ የመጡ ናቸው። አንድ ግቢ መሆኑ አካዳሚውን ጠቀመ ማለት የኪርክቢን ልጅ ጠቀመ ማለት አይደለም፤ ወቃሾቹ የሚያሸንፉት እዚህ ላይ ነው። ሜልዉድ ስንጥቅ ያለበት ግንብ ነበረው፤ አዲሱ ማዕከል ስንጥቅ የለውም። ከሕዝብ የሚያርቀው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ይህ ነው፤ ጥፋቱም የዳር አገር ጥፋት አይደለም። ክለቦቹ ምሥጢር እንጠብቃለን፣ ሰላይ እንፈራለን ይላሉ፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፤ በ2019 የሊድስ ክለብ ሰው የደርቢ ካውንቲ ክለብን ልምምድ ከውጭ ሲሰልል ተይዞ ክለቡ 200,000 ፓውንድ ተቀጥቷል። ነገር ግን የቅዳሜን ጨዋታ አሰላለፍ የሚያስተምሩበት ቀን ሌላ ነው፣ ልጆች ኳስ ሲመታ የሚያዩበት ቀን ሌላ ነው። ባየርን ሙኒክ በዜበነር ጎዳና ባለው ሜዳው አንዳንዱን ልምምድ ለሕዝብ ከፍቶ ብዙ ዋንጫ ወስዷል፤ ምሥጢሩም አላለቀበትም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ ወደ ኪርክቢ መውጣቱ ትክክል ነበር፣ በሩን መዝጋቱ ግን ትክክል አይደለም። የሊቨርፑል ክለብ ሹማምንት ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ሳምንታት ጥቂት ቀን መርጠው የኪርክቢንና የሃይተንን ተማሪዎች በሜዳው ዳር ያስቀምጡ፤ ወጪው የአንድ አውቶቡስ ኪራይ ነው።