የጸጋ ልጅነት፡ ትርጉሙ፣ አሰጣጡና አጠባበቁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥተው እስከ በሺሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙ የሊቃውንት መፍለቂያዎች ናቸው። በዚህ አገር “ልጅ” የሚለው ቃል አንድ መልክ ብቻ የለውም። የአብራክ ልጅ አለ፤ የእንጀራ ልጅ አለ፤ የጡት ልጅ አለ፤ የክርስትና ልጅ አለ፤ የንስሐ ልጅ አለ። ከሥጋ ልደት ውጭ ባሉት በእነዚህ ሁሉ ስሞች ውስጥ አንድ እውነት ይሰማል፦ ሰው ካልወለደው አባት ልጅ ሊባል፣ ካላፈራውም ርስት ሊወርስ ይችላል።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ስለ እግዚአብሔር ልጅነት ስታስተምር ምእመናን ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች አሉ። ሁሉም ሰው የእግዚአብሔር ፍጥረት ከሆነ የተጠመቀው ብቻ ስለምን ልጅ ይባላል? አባቱ ያልታወቀ ሕፃንስ ክርስትና ይነሣልን? በስደት ሳለ ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው ሲመለስ እንደ ገና ይጠመቃልን? በዚህ ጽሑፍ የልጅነትን ትርጉም ከመሠረቱ ጀምረን፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች ቤተ ክርስቲያን የምትሰጠውን መልስ እንመለከታለን።

የባሕርይ ልጅና የጸጋ ልጆች

በግእዝ “ወልድ” ማለት ልጅ ማለት ነው። ስሙ ለጌታችንም ለእኛም ይነገራል፤ ምሥጢሩ ግን የሰማይና የምድርን ያህል ይራራቃል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከዘመናት በፊት ከአብ ያለ እናት፣ በኋለኛው ዘመን ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም ያለ አባት የተወለደ የባሕርይ ልጅ ነው። ልጅነቱን ከማንም አልተቀበለውም፤ ያልነበረበትም ጊዜ የለም። እኛ ግን አስቀድመን ፍጡራን ነን፤ ኋላም በቸርነቱ ልጆች ተባልን። ስለዚህ የእኛ ልጅነት የጸጋ ልጅነት ይባላል። ጸጋ ማለት ያለ ዋጋ የተሰጠ ስጦታ ማለት ነውና።

ፍጡር መሆንና ልጅ መሆን አንድ አይደሉም። እግዚአብሔር ፀሐይንም፣ እንስሳትንም፣ ሰውንም ፈጥሯል፤ ሰውን ግን በአርአያውና በአምሳሉ ፈጥሮ የልጅነትን ጸጋ ሰጠው። አዳም ትእዛዝ በማፍረሱ ይህን ክብር አጣ። ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ ለተቀበሉትና በስሙ ላመኑት ልጆች የመሆን ሥልጣን እንደ ተሰጣቸው የሚነግረን (ዮሐ. 1፥12) ስለዚህ ነው። ሥልጣን ተሰጠ ማለቱ አስቀድሞ በእጃችን እንዳልነበረ ያስረዳል። ቅዱስ ጳውሎስም ልጆች ከሆንን ወራሾች ነን ብሎ ያስተምራል (ሮሜ 8፥17፤ ገላ. 4፥4-7)።

በአባቶች ዘመን የተደረገ ክርክር

ይህ ልዩነት በመጻሕፍት ብቻ የቀረ አይደለም። አርዮስ ወልድን ፍጡር ነው ባለ ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 ሊቃውንት ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን መስክረዋል። በዚያ ጉባኤ የነበረውና በኋላ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የሆነው ቅዱስ አትናቴዎስም ለዚህ እምነት ብዙ ጊዜ ተሰድዷል።

በአገራችንም የነገሥታቱ መቀመጫ በጎንደር በነበረበት ዘመን ስለ ጌታችን መቀባትና ስለ ልደቱ ብዙ ጉባኤያት ተደርገዋል። “ቅብዓት” እና “ጸጋ” የተባሉት ወገኖች የተነሡት በዚሁ ክርክር ነው። የጸጋ ወገኖች ጌታችን በሥጋው በመንፈስ ቅዱስ መቀባት የጸጋ ልጅነትን ተቀበለ በማለታቸው “ሦስት ልደት” ባዮች ተብለዋል። ተዋሕዶ ግን ልደቱ ሁለት ነው፤ ሥጋም የቃልን ክብር ያገኘው በተዋሕዶ ነው ብላ አጸናች። ክርክሩ መንደርን ከመንደር፣ ደብርን ከደብር ሲያለያይ ኖሮ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን፣ በ1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ የተዋሕዶ ትምህርት ጸንቷል።

ዛሬ ይህን የምናነሣው የቆየ ቁስል ለመቆስቆስ አይደለም፤ ጉዳዩ የእኛን ልጅነት ስለሚነካ ነው። ሰጪው ራሱ በስጦታ የከበረ ቢሆን ኖሮ ለእኛ የሚያካፍለው ከሌላ የተቀበለውን በሆነ ነበር። ክርስቶስ ግን በባሕርዩ ልጅ ስለሆነ የራሱን ለእኛ ሊሰጥ ተቻለው። የባሕርይ ልጁ የእኛን ሥጋ ተዋሐደ፤ እኛም በእርሱ የጸጋ ልጆች ሆንን። የእርሱን ልጅነት ዝቅ የሚያደርግ ትምህርት ሁሉ ሳያውቀው የእኛንም ተስፋ ዝቅ ያደርጋል።

የአገሬው ቃላት እንደ ምሳሌ

በቀድሞው ዘመን በአማራው አገር ሰው ከአብራኩ ያልወጣውን የጡት ልጅ ሲያደርግ በምስክሮች ፊት በማር የተቀባ ጡት ወይም ጣት ያስጠባው ነበር። ከዚያ በኋላ አባት ጥበቃ ሊያደርግለት፣ ልጅም ሊታዘዘውና ሊጦረው ይገባ ነበር። ልጁ ያን ቀን የአባቱን ደም አልተቀበለም፤ ቃል ኪዳኑን ግን ተቀበለ።

ሆኖም ምሳሌ ከምሥጢሩ ያንሳል። የጡት አባት ልጁን ስሙንና ሀብቱን ሊሰጠው ይችላል፤ ሕይወቱን ግን ሊያካፍለው አይችልም። እግዚአብሔር የጸጋ ልጅ ሲያደርገን ግን ስም ብቻ አልሰጠንም። ከውኃና ከመንፈስ ወለደን (ዮሐ. 3፥5)፤ የልጁን ሥጋና ደም መገበን፤ አባት ሆይ ብለን የምንጠራበትን መንፈስ በልባችን አሳደረ።

ሌላው ምሳሌ የአብነት ትምህርት ቤቱ ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ በሌላ ጉባኤ ድጓውን የዘለቀ ተማሪ ለማስመስከር ወደ እርሷ ይሄዳል። ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሚገኝበት፣ በትውፊት ከቅዱስ ያሬድና ከአቡነ አረጋዊ ጋር የተያያዘ ቅዱስ ስፍራ ነው። ወደ እነዚህ ጉባኤያት የሚጓዝ ሕፃን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከወላጆቹ ቤት ይወጣል። በማያውቀው ደጅ ቆሞ “በእንተ ስማ ለማርያም” ሲል፣ የማታውቀው እናት ከልጆቿ ድርሻ ቆርሳ ትሰጠዋለች። ማን እንደ ወለደው አትጠይቀውም፤ የጠራው ስም ይበቃታል። ጋይንትና ስማዳ በድርቅ ደጋግመው የተፈተኑ ወረዳዎች መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ያች ቁራሽ ምን ያህል እንደምትከብድ ይረዳል። በዚህ መንገድ ያለፍን ሁሉ የእግዚአብሔርን አባትነት በመጽሐፍ ከማንበባችን በፊት በሰው ደጅ ቀምሰነዋል።

ልጅነት የሚሰጠው እንዴት ነው?

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ። አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን መጽሐፈ ኩፋሌ ይተርካልና፣ ሕፃናቱም የጠፋችውን ገነት በምትመስለው በቤተ ክርስቲያን በዚሁ ቀን ልጅነትን ይቀበላሉ።

በሥርዓቱ ለወንድ የክርስትና አባት፣ ለሴት የክርስትና እናት ይቆማሉ። ስለ ሕፃኑ ሆነው ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው በሥላሴ ያምናሉ። ሕፃኑ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ በውኃ ይጠመቃል፤ ይህም ከክርስቶስ ጋር ሞቶ የመነሣት ምሳሌ ነው። ከዚያም በቅዱስ ሜሮን ይታተማል፤ ማዕተብ ይታሰርለታል፤ የክርስትና ስም ይወጣለታል፤ በዚያው ዕለት ቅዱስ ቁርባን ይቀበላል። ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ የሚሉት ስሞች ተጠማቂው ወደ አዲስ ቤተሰብ መግባቱን ይመሰክራሉ።

የክርስትና አባትነት የአንድ ቀን ድግስ አይደለም። ልጁ ሲያድግ ሃይማኖቱንና ምግባሩን ማስተማር የእርሱ ዕዳ ነው። ዝምድናውም እውነተኛ ስለሆነ በክርስትና አባትና በክርስትና ልጅ መካከል ጋብቻ አይፈቀድም።

ምእመናን ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሕፃኑ በጽኑ ታሞ ለሞት የሚያሰጋ ከሆነ 40ው ወይም 80ው ቀን እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ካህን በፍጥነት ተጠርቶ ሊያጠምቀው ይገባል። የቀኑ ሥርዓት የተሠራው ለሕፃኑ ጥቅም እንጂ ልጅነትን ሊያስቀርበት አይደለምና፣ ወላጆች “ቀኑ አልደረሰም” ብለው ሊዘገዩ አይገባም።

አባቱ ያልታወቀ ልጅ

በአንዳንድ መንደር ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ “ዲቃላ” እየተባለ አንገቱን ደፍቶ ያድጋል። እናቱም ሐሜት ፈርታ ክርስትናውን ታዘገያለች፤ የክርስትና አባት የሚሆን ሰውም ትቸገራለች። የወላጆች በደል ንስሐ ይሻል፤ የሕፃኑ ልጅነት ግን በእነርሱ ጋብቻ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ የእግዚአብሔር ልጆች ከደም ወይም ከሥጋ ፈቃድ ሳይሆን ከእግዚአብሔር መወለዳቸውን ተናግሯል (ዮሐ. 1፥13)። የባላባቱ ልጅና አባቱ ያልታወቀው ልጅ በአንድ ውኃ ይጠመቃሉ፤ በአንድ ሜሮን ይታተማሉ፤ ከአንድ ጽዋ ይጠጣሉ። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሕፃን የክርስትና አባት መሆን ትልቅ በረከት ነው። እግዚአብሔር ልጄ ያለውን እኛ በስድብ ስም ልንጠራው አይገባም።

የራቀ ልጅ ሲመለስ

የዝናቡ መታጣትና የመሬቱ መጥበብ ብዙ ወጣቶችን ከቀያቸው ያስወጣል። አንዳንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ወደ ከተማ፣ አንዳንዱም ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል። በዚያ ማዕተቡን የበጠሰ፣ ስሙንም ሃይማኖቱንም የለወጠ ይኖራል። ሲመለስም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆሞ “እኔ ከእንግዲህ ልጅ ነኝን?” ይላል።

የቤተ ክርስቲያን መልስ ግልጽ ነው። ጥምቀት አንዲት ናት፤ ሜሮንም አይደገምም። በሥጋ ሁለት ጊዜ መወለድ እንደሌለ፣ በመንፈስም ሁለት ጊዜ መወለድ የለም። የካደ ሰው የልጅነትን ክብርና በረከት ያጣል፤ ከቅዱስ ቁርባንም ይለያል። በንስሐ ሲመለስ ግን ካህኑ ጸሎተ ቄድር አድርሶለት በተጸለየበት ውኃ ያጠምቀዋል። ይህም የመንጻትና የመመለስ ሥርዓት እንጂ ሁለተኛ የልጅነት ጥምቀት አይደለም። በየዓመቱ ጥር 11 ቀን በጥምቀተ ባሕሩ የምንረጨው ውኃም እንዲሁ የጌታችንን ጥምቀት የምናስብበትና የምንባረክበት ነው፤ የልጅነት ጥምቀትን አይተካም፤ አይደግምምም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የተነገረው የጠፋው ልጅ ይህን ያስረዳል። ልጁ በሩቅ አገር እርያ እየጠበቀ ሳለ የአባቱን ማዕድ አጥቶ ነበር። ከሞያተኞች እንደ አንዱ ልሁን ሊል ንግግር አዘጋጅቶ መጣ። አባቱ ግን የአገልጋይነት ልመናውን ከአፉ ሳይሰማ ልብስ አለበሰው፤ ቀለበት አደረገለት፤ ጫማ አጫማው። እንደ ገና አልወለደውም፤ ልጁ ነበርና መለሰው። በቤት የቆየው ታላቅ ወንድም ግን በቁጣ ወደ ቤት አልገባም አለ። ከስደት የተመለሰውን እኅትና ወንድም በጥቆማና በሹክሹክታ የምንቀበል ከሆነ፣ በደጅ የቀረነው እኛ ነን።

ልጅነትን መጠበቅ

የተሰጠን ጸጋ ጥበቃ ይሻል። ልጅ አባቱን በሦስት ነገር ያስመሰግናል፦ በመታዘዝ፣ በመምሰልና ከወንድሞቹ ጋር በመስማማት። መታዘዝ ትእዛዛቱን መጠበቅ ነው። መምሰል ምሕረትን፣ ትዕግሥትንና ንጽሕናን ገንዘብ ማድረግ ነው። መስማማት ደግሞ አቡነ ዘበሰማያት በምንለው ጸሎት ይታያል። ብቻችንን ስንጸልይ እንኳ “አባቴ ሆይ” ሳይሆን “አባታችን ሆይ” እንላለን። ስለዚህ የተጣላነውን ወንድም ከዚህ ቃል ውስጥ ልናስወጣው አንችልም።

ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ምእመናን ሁሉ ሦስት ነገር አድርጉ። የክርስትና ልጅ ያላችሁ ዛሬ ደህንነቱን ጠይቁ፤ የራቀም ከሆነ ፈልጉት። የንስሐ አባት የሌላችሁ ያዙ። በቀያችሁ ክርስትናው የዘገየ ሕፃን ካለም እናቱን ሳትነቅፉ ወደ ካህን አድርሷት። ሁላችንንም በልጅነት ጸጋ ጸንተን የመንግሥቱ ወራሾች እንሆን ዘንድ የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።