ማሺን፦ የምት መሥሪያ መቆጣጠሪያ

ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ኤሌክትሮኒክ ክፍሎች
ኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ፣ በርሊን፣ ጀርመን፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ

ይህ መሣሪያ በራሱ ድምፅ አያወጣም። በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል፤ ድምፁን የሚያሰማው፣ የሚቀዳውና የሚያቀናብረው አብሮት የሚመጣው ሶፍትዌር ነው። 16ቱ የጎማ ንጣፎች የጣትን ብርታት ይለያሉ፤ በቀስታ የተነካው ለስለስ፣ በኃይል የተመታው ጎላ ብሎ ይሰማል። አራት በአራት የሆነው አደራደር ሮጀር ሊን በነደፈውና በ1988 እ.ኤ.አ. በወጣው አካይ ኤምፒሲ60 የምት ማሽን ላይም ይገኛል።

ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ሠሪ ዋናው ጉዳይ አቆጣጠሩ ነው። መሣሪያው ሲከፈት እያንዳንዱን ምት ለአራት ይከፍላል፤ ችክችካ የተባለው የኢትዮጵያ ምት ግን በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል። ስለዚህ የከበሮውን ምት ከመቅዳት በፊት ምቱን የሚከፍለውን ፍርግርግ ወደ ሦስትዮሽ መቀየር፣ ወይም ራስ-ሰር የጊዜ ማስተካከያውን አጥፍቶ በእጅ መምታት ያስፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ የመቺውን እጅ ሳያርም ይመዘግባል፤ የከበሮው ለዛ የሚተርፈውም በዚህኛው ነው።

ምትን ለማሽን መስጠት በኢትዮጵያ ሙዚቃ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘውን አልበም ሲቀዳ አኮርዲዮኑን ያጀበው የከበሮ ማሽን ነበር።