በሳቅ የተነገረ ተግሣጽ፤ ስለ መንግሥቱ ለማ የጋብቻ ኮሜዲዎች

ቴያትር ሲባል ለብዙ ሰው የመዝናኛ ጨዋታ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ሸንጎ ሊናገረው የሚያፍረውን ነገር መድረክ ደፍሮ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ዛሬ የምናወሳው በጋብቻ ነገር ሕዝብን እያሳቁ የመከሩትን የመንግሥቱ ለማን ሥራ ነው።

መንግሥቱ ለማ በ1916 ዓ.ም. በሐረር ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ በጎጃም ቅኔ የተማሩ ሊቅ ነበሩ፤ ልጃቸውም ትዝታቸውን ከአንደበታቸው ተቀብለው በመጽሐፍ አሳትመውላቸዋል። ዋሸራን ያፈራው የምዕራብ ጎጃም ምድር የቅኔ አገር ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ለሥራ የተዘዋወራችሁ ሁሉ፥ በዚያ አገር ጨዋታ እንኳ ያለ ሰምና ወርቅ እንደማይነገር ታውቃላችሁ። መንግሥቱም ይህን የአባቶች ጥበብ ይዘው ወደ ለንደን ሄዱ፤ በዚያም የኢኮኖሚክስ ትምህርት እየተማሩ የእንግሊዝን ቴያትር አጠኑ። ኋላም በዲፕሎማትነት በኒው ዴልሂ አገልግለዋል።

በ1957 ዓ.ም. የታተመው «ያላቻ ጋብቻ» ከትልቅ ቤት የተወለደ አንድ የተማረ ወጣት ወደ ገጠር ወርዶ ሲያስተምርና ገረዱን ሊያገባ ሲወድድ፥ ዘመድ ሁሉ የሚያስነሣውን ሁካታ ያሳየናል። በ1961 ዓ.ም. የታተመው «ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ በከተማ ያሉ የተማሩ ወጣቶች ጠለፋን የአባቶች ባህል ነው ብለው ሊያድሱት ሲነሡ ያሳየናል። ተመልካች ይሥቃል፤ የሚሥቀው ግን በራሱ ነው። ሰሙ ሳቅ ነው፤ ወርቁ «ትምህርት ልብን ካልለወጠ ምን ይረባል?» የሚል ጥያቄ ነው።

ጥያቄውም ቀላል አልነበረም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ይቀጣ ነበር፤ ነገር ግን የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን ወድዳ በሕግ ካገባች ክሱ ይቀር ነበር። ሽማግሌዎች ታርቀው፥ ካሣ ተከፍሎ «ወድዳለች» ሲባል፥ የልጅቱን እውነተኛ ቃል ማን ሰማ? ይህ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጋብቻ ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም። መንግሥቱ ይህን ቀን አላዩም፤ በ1980 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ይኸው ነገር በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ በበቃው በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ፊልም እንደ ገና ቀረበ፤ ያን ጊዜ ግን ያለ ሳቅ ነበር። ሁለቱን አስተያይታችሁ፥ «በጠለፋ መሣቅ ተገቢ ነበርን?» ትሉ ይሆናል። የእኛ አሳብ ይህ ነው፤ ኮሜዲው የሣቀው በተጠለፈችው ልጅ ሳይሆን በጠላፊዎቹ ትምክህት ነው። ሰው የሚኮራበትን ልማድ ለመተው፥ አስቀድሞ ያ ልማድ የሚያሥቅ መሆኑን ማየት አለበት። ቁጣ በሩን ያስዘጋል፤ ሳቅ ግን ሳይጠሩት ይገባል።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ በመሥሪያ ቤትህ የጋብቻ ጉዳይ ቢቀርብልህ፥ ወይም በቤትህ ስለ ልጅህ ሽማግሌ ቢላክብህ፥ የአባትን ፈቃድ፥ የዘመድን ክብር፥ የጥሎሹን ልክ ከመጠየቅህ በፊት ልጅቱን ጠይቅ። እርስዋ ስትናገርም ዝም ብለህ ስማ።