ዲግሪውስ ተገኘ፤ ራሳችንስ?

«የተማረ ይግደለኝ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ተመረቅን፤ የጋዋን ፎቷችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እናቶቻችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳዩታል። እኛ ግን ፎቶው ሥር ተቀምጠን «ከዚህ በኋላስ?» እንባባላለን። ጥያቄዋ የኛ ትውልድ ብቻ መስላን ነበር። ለካ ከ2,500 ዓመታት ገደማ በፊት ሕንድ ውስጥም ተጠይቃለች!

በሳንስክሪት ከደረሱን ጥንታዊ የፍልስፍና መጻሕፍት አንዱ ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ነው። እዚያ ውስጥ ሽቬታኬቱ የሚባል ወጣት አለ። በ12 ዓመቱ ወደ መምህር ተልኮ፣ ቬዳዎቹን ሁሉ ተምሮ፣ በ24 ዓመቱ ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ይመለሳል። አባቱ ኡዳላካ ግን፣ ሌላውን ሁሉ የሚያሳውቀውን አንዱን ነገር ተምሮ እንደሆነ ይጠይቁታል። ልጁ ሰምቶትም አያውቅ።

አባት ጨው ውሃ ውስጥ እንዲጨምር አዘዙት። በማግስቱ ጨውን እንዲያመጣው ቢጠይቁት ፈልጎ አጣው። ከአንዱ ጫፍ ቀመሰ፣ ከመሃል ቀመሰ፣ ከሌላው ጫፍ ቀመሰ፤ ሁሉም ጋ ጨው ነው። ዓይን ያጣውን ምላስ አገኘው። የዓለሙ ሁሉ መሠረትም እንዲሁ ሳይታይ በሁሉ ውስጥ እንዳለ፣ ያም የገዛ ራሱ ማንነት እንደሆነ ነገሩት። ይህን ማንነት «አትማን» ይሉታል።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ናራዳም አለ። ቬዳውን፣ ታሪኩን፣ ሒሳቡን፣ የከዋክብቱን ትምህርት ሳይቀር ለመምህሩ ከዘረዘረ በኋላ፣ ቃላቱን እንጂ ራሱን እንደማያውቅና ከሐዘን እንዳልተላቀቀ ይናዘዛል። እስቲ ከመካከላችን ይህን ለሥራ ቀጣሪው የሚናገር ማነው?

በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የተነሣው ፈላስፋ ሻንካራ ነገሩን በምሳሌ ያስረዳል። ሰው በድንግዝግዝ ገመድ አይቶ እባብ መስሎት ይደነግጣል። መብራት ሲመጣ የሚገደል እባብ የለም፤ ድሮም አልነበረምና። ራስን ማወቅም እንዲሁ ነው፤ አዲስ ነገር ማግኘት ሳይሆን፣ የነበረውን ያለ አማላጅ ማየት።

ይህ ትምህርት ሕንድ ውስጥ ብቻ አልቀረም። የሙጋል ልዑል ዳራ ሺኮህ እ.ኤ.አ. በ1657 ኃምሳ ኡፓኒሻዶችን ወደ ፋርስኛ አስመለሰ። በ1659 በዙፋን ሽኩቻ ያሸነፈው ወንድሙ አውራንግዜብ አስገደለው፤ ከእምነት ወጥቷል የሚል ክስም ተጨምሮበት ነበር። ልዑሉ ቢሞትም ትርጉሙ ተረፈ። ከፋርስኛው ወደ ላቲን ተመልሶ በ1801 እና በ1802 በአውሮፓ ታተመ፤ ጀርመናዊው ሾፐንሃወርም አንብቦ ወደደው።

ዲግሪያችሁን ቅደዱ እያልን አይደለም። ሻንካራም ቢሆን መንገዱን የሚጀምረው ከመምህር በመስማት ነው፤ ከዚያ ማመዛዘን፣ ከዚያ ደግሞ በጥልቀት ማሰላሰል ይከተላል። ብዙዎቻችን ግን ሰምተን፣ ተፈትነን፣ እዚያው ላይ ቆመናል። ፎቶው ግድግዳው ላይ ይቆይ። ጋዋን የለበሰውን ሰው ማወቅ ግን ገና ያልሠራነው የቤት ሥራ ነው።