የቢቨር ጭራ ቁልቋል
ኦፑንቲያ ባሲላሪስ። የሞሃቪና የሶኖራ በረሃዎች፣ ደቡብ ምዕራብ አሜሪካና ሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ

ከሩቅ ላየው እሾህ አልባና ገራም ይመስላል። ማታለያው እዚህ ላይ ነው። ግራጫ ሰማያዊ ገላው ላይ የተበተኑት ቡናማ ነጠብጣቦች ግሎኪድ የሚባሉ፣ ከፀጉር የቀጠኑ፣ ጫፋቸው እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ የተቀለበሰ እሾሆች ናቸው። ቆዳ ውስጥ ከገቡ በቀላሉ አይወጡም፤ በለስ ያለ ጥንቃቄ የላጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

ቅጠል የሚመስለው ጠፍጣፋ አካል ግንዱ ነው። ውሃ የሚያጠራቅመውም ምግብ የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። የአየር ቀዳዳዎቹን ቀን ዘግቶ የሚከፍታቸው ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ያን ጊዜ ያስገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አሳድሮ ፀሐይ ስትወጣ ይጠቀምበታል፤ በዚህም በሐሩር የሚተንበትን ውሃ ይቀንሳል።

በፀደይ ደማቅ ሮዝ አበባ ያወጣል። ፍሬው ግን ገበያ ላይ እንደምናውቀው በለስ ጭማቂ አይሞላም፤ ሲበስል ደርቆ ቡናማ ይሆናል። የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝብ የሆኑት ካዊያዎች ከፍሬው ይልቅ እንቡጡን ይመርጡ ነበር፦ ግሎኪዱን ጠራርገው፣ በጋለ ድንጋይ በሞቀ ጉድጓድ በእንፋሎት ያበስሉት ነበር።

በካሊፎርኒያዋ ቤከርስፊልድ ከተማ አካባቢ የሚበቅለው ትሬሊሴኢ የተባለው ዓይነት ከወገኖቹ ተለይቶ ረዘም ያለ እሾህም አለው። የአሜሪካ መንግሥት በ1990 እ.ኤ.አ. የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ተክሎች መዝገብ አስገብቶታል።